የተባለ፣ የተፈጸመ፣ የገባ፦ የኮሚሽን ገቢያችንን እንዴት እንመዝግብ?



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም። ገበያው ሰኞ ሲከፈት እንመለስበታለን። የዛሬው ትምህርት ቢጤ ነው፤ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በኢንቦክስ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ዋጋ ያልሆኑት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዓመቱን ሙሉ ስሮጥ ከርሜ፣ ሰኔ ላይ ስንት አገኘህ ብባል መልስ የለኝም» ትላላችሁ። ይህን የሚለው ደላላ ብቻ አይደለም። ለላኪ ቡና የሚያሰባስብ አለ፣ ለዩኒየን ገዢ የሚያፈላልግ አለ፣ ጭነትን ከመኪና የሚያገናኝ አለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጭራሽ ገበያ አይወጣም፤ በስልኩ የሌላ ሰው ዕቃ ሊንክ እያጋራ ከሽያጩ ኮሚሽን ይከፈለዋል። አፊሊየት ማርኬቲንግ ይሉታል። እሱም የሚያማርረው እንደኛው ነው። ሰው በሊንኩ ዛሬ ይገዛል፣ ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑ ይሰረዛል፣ ብሩ የሚገባው ቆይቶ ነው። እሱ ግን ሽያጩን ስልኩ ላይ ካየበት ሰዓት ጀምሮ በሐሳቡ አውጥቶ ይጨርሰዋል።

ሥራው ይለያይ እንጂ የኮሚሽን ገቢ ጠባዩ አንድ ነው። እንደ ደመወዝ ወር ጠብቆ አይመጣም። እንደ ሱቅ ሽያጭም ዕቃ ሰጥተን እዚያው ብር አንቀበልም። ሌላ ሰው ሲስማማ ይጀምራል፣ ሌላ ሰው ሲያስረክብ ይጸናል፣ ሌላ ሰው ሲከፍል ይገባል። በእነዚህ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አሉ። ገንዘባችን የሚጠፋው እዚያ መካከል ላይ ነው።

እኔ ላይ የደረሰው

በቢዝነስ ዲፕሎማ አለኝ፤ ዴቢትና ክሬዲት ተምሬያለሁ። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሥራዬን የምይዘው በጭንቅላቴና በስልኬ ነበር። «ማን ምን እንዳለብኝ፣ እኔም ማን ላይ ምን እንዳለኝ አውቃለሁ» እል ነበር።

እህል በረንዳ አብሬያቸው የምሠራ አንድ ትልቅ ነጋዴ ነበሩ። ጋሼ ልበላቸው። በታህሳስ ሁለት መቶ ኩንታል ስንዴ አገናኘኋቸው፣ በመጋቢትም እንደገና ሁለት መቶ ኩንታል። የሁለቱም ኮሚሽን በኩንታል 30 ብር፣ ማለትም ስድስት ስድስት ሺህ ብር ነው። ግንቦት ላይ ስልኬን አገላብጬ አንዱ ብቻ እንደተከፈለኝ «አረጋገጥኩ»ና ሱቃቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የመጋቢቷ ስንዴ ቀርታለች» አልኳቸው።

«ከፍዬሃለሁ ልጄ።»

«አይ ጋሼ፣ የከፈሉኝ የታህሳሷን ነው።»

ሁለት ገዢዎች ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ጋሼ ምንም ሳይሉ መሳቢያቸውን ከፍተው ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ፈለጉና አነበቡልኝ። ታህሳስ 8 በእጅ 6,000 ብር። መጋቢት 27 በባንክ 6,000 ብር። ከዚያ ስድስት ሺህ ብር ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «ከተጠራጠርክ ውሰደው» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብሩን አልነካሁም፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ስወጣ «እኔም የምጽፈው ራሴን ስለማላምነው ነው ልጄ» አሉኝ።

ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ያወቅኩት ማታ ነው። የታህሳሷን በእጄ ሲሰጡኝ አልጻፍኩም። የመጋቢቷ ከባንክ ስትገባ የመጣው ኤስኤምኤስ ላይ ቀኑ 05/04 ይላል። እኔ 04ን በእኛ ወር ቆጥሬ ታህሳስ 5 አደረግኩት። በፈረንጆቹ ግን ኤፕሪል 5 ነው፤ በእኛ መጋቢት 27። በዚች በአንዲት ቀን ምክንያት ታማኝ ሰው ሰው ፊት በዕዳ ጠየቅኩ። ከዚያ በኋላ የመጡት የጋሼ ጭነቶች በሌላ ደላላ በኩል አለፉ። አልተቀየሙኝም፤ ሰላም ይሉኛል። ግን ሥራ አልሰጡኝም። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ መጣ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ኤስኤምኤሱን፣ የቴሌግራም መልእክቱን፣ የተጠራቀመውን የሚዛን ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ዓመቱን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ጭራሽ ያልጠየቅኳቸው አራት ኮሚሽኖች ተገኙ፤ ድምራቸው 61,400 ብር። ሁለቱ ከፈሉኝ፣ 23,000 ብር ተሰበሰበ። የቀሩት ሁለቱ «ከስምንት ወር በኋላ ነው እንዴ የምትጠይቀኝ?» አሉኝ። በምን ልከራከር? 38,400 ብር እዚያው ቀረ። የተከፈለኝን ድጋሚ የምጠይቅ፣ ያልተከፈለኝን የምረሳ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እንግዲህ ወደ ጽሑፉ እንግባ።

1. ሦስቱን ቀኖች ለዩ

እያንዳንዱ ኮሚሽን ሦስት ቀን አለው።

የተባለ፦ ገዢና ሻጭ የተስማሙበት፣ የእኔም ድርሻ የተነገረበት ቀን።
የተፈጸመ፦ ዕቃው ተመዝኖ ገዢው የተረከበበት ቀን። ኮሚሽኑ በእርግጥ የእኔ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።
የገባ፦ ብሩ እጄ ወይም ሒሳቤ ውስጥ የገባበት ቀን።

ብዙዎቻችን የምንኖረው በ«የተባለ» ነው። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ የተባለው 140,000፣ የተፈጸመው 82,000፣ የገባው 35,000 ብር ሊሆን ይችላል። በ140,000 ብር የቤት ኪራይ ያስጨመረ፣ ለወንድሙ ቃል የገባ፣ ዕቁብ ከፍ ያደረገ ሰው በቀጣዩ ወር የሚበደረው ለዚህ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ መደመር ከቻላችሁ የትምህርቱ ግማሽ አልቋል። ወጪያችሁን በ«የገባ» ወስኑ፣ ክትትላችሁን በ«የተፈጸመ» አድርጉ። «የተባለ»ን ደግሞ ለተስፋ ተዉት።

2. ለአንድ ሥራ አንድ መስመር

ደብተርም ይሁን ኤክሴል ለውጥ የለውም። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ቀን ቀን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ጎግል ሺት ላይ እገለብጣለሁ። ስልክ ይሰረቃል፣ ደብተር ዝናብ ይበላዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አይጠፉም።

መስመሩ ላይ የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦

ተራ ቁጥር (ከሐምሌ 1 ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቀጥላል)
የተባለበት ቀን
ሻጭ እና ገዢ
ዕቃው፣ ደረጃው፣ የተባለው መጠን
የኮሚሽኑ ልክ፣ መለኪያው እና ከፋዩ
የተፈጸመበት ቀን እና ሚዛን ላይ የወጣው ክብደት
የሚገባኝ ብር
የገባበት ቀን፣ መጠኑ፣ በምን እንደገባ (በእጅ፣ በባንክ፣ በቴሌብር)
ቀሪ

ተራ ቁጥሩን አትናቁት። ከነጋዴው ጋር ስታወሩ «ያቺ የቡና ሥራ» ከማለት «ቁጥር 27» ማለት ክርክር ይቀንሳል። አንድ ነጋዴ በወር አራት ጊዜ ስንዴ ሲገዛችሁ «ያቺ» የትኛዋ እንደሆነች ማንም አያውቅም።

3. አንድ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው። ያልታጠበ ቡና 100 ኩንታል አገናኛችሁ፣ ኮሚሽኑ በፈረሱላ 30 ብር ተባለ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 100 ኩንታል፣ ማለትም 10,000 ኪሎ፣ 588 ፈረሱላ ከትንሽ ነው። የተባለው ኮሚሽን 17,647 ብር።

ቡናው ገዢው መጋዘን ደርሶ ሲመዘን 9,860 ኪሎ ወጣ። እርጥበቱ ይሁን፣ ጆንያው ይሁን፣ የመነሻው ሚዛን ይሁን ለሌላ ቀን ይቆየን። 9,860 ኪሎ ልክ 580 ፈረሱላ ነው። የተፈጸመው ኮሚሽን 17,400 ብር ሆነ። ደብተራችሁ ላይ 17,647 ብቻ ካለ፣ ገዢው 17,400 ሲልክ «247 ብር ቆረጠኝ» ብላችሁ ትቀየማላችሁ። ሰውየው ግን አልቆረጠም።

አሁን የገጠሩን ደላላ አስቡት። ቡናውን ያገኘው እሱ ነው፣ እኩል ልትካፈሉ ተስማምታችኋል። 8,700 ብር የእሱ ነው። ለእናንተ ከቀረው 8,700 ላይ ትራንስፖርት 1,200፣ ሳምፕል መላኪያ 300፣ ስልክ 250፣ በጠቅላላ 1,750 ብር ወጥቷል። የእናንተ 6,950 ብር ነው።

ሰው ቢጠይቃችሁ ግን «ከዚያች ቡና አሥራ ሰባት ሺህ በላሁ» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

4. መለኪያውን ሳትጽፉ ስልክ አትዝጉ

«ሠላሳ ብር ትሰጠኛለህ» ማለት በቂ አይደለም። ሠላሳ በምን? በላይ ባለው ምሳሌ በኩንታል 30 ብር ማለት 3,000 ብር ነው፤ በፈረሱላ 30 ብር ማለት 17,647 ብር። የእህል ሰው በኩንታል ያስባል፣ የቡና ሰው በፈረሱላ። ሁለቱንም የምንሠራ ሰዎች አፋችን ላይ ይደባለቃል። ስምምነቱ በስልክ ካለቀ በኋላ አንዲት አጭር መልእክት ላኩ፦ «ጋሼ፣ በተነጋገርነው መሠረት ያልታጠበ ቡና 100 ኩንታል፣ ኮሚሽን በፈረሱላ 30 ብር፣ ከገዢ፣ በርክክቡ ክብደት።» «እሺ» ብለው ከመለሱላችሁ ያቺ «እሺ» ብዙ ብር ታወጣለች።

በመቶኛ ለምትስማሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2017 የካቲት መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ በቁርጥ ብር የተስማማ ደላላ ኮሚሽኑ እዚያው ቆሟል፤ በመቶኛ የተስማማው ከዋጋው ጋር ወጥቷል። ዋጋ ሲወርድም እንዲሁ ነው። ፈረሱላው 6,000 ብር ሲሆን አንድ በመቶ 60 ብር ነው፣ 4,000 ሲሆን 40 ብር። የትኛው ይሻላል የሚለው የየራሳችሁ ነው፤ ግን በመቶኛ ከሆነ ዋጋው የየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ። የስምምነቱ ቀን ነው ወይስ የርክክቡ?

5. ምንዛሬ ያለበት ሥራ

ከላኪ ጋር የምትሠሩ አንዳንዶቻችሁ ሒሳባችሁ የሚታሰበው በፓውንድ ሳንቲም፣ የምትቀበሉት ግን በብር ነው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ጠቅላላ 19,200 ኪሎ ነው። በፓውንድ 42,328 ገደማ ይሆናል። ኮሚሽኑ በፓውንድ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን 423 ዶላር ይመጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲቀየር ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በፊት ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 423 ዶላር በ57 ሲባዛ 24,111 ብር ነው፤ በ100 ሲባዛ 42,300። ሰኔ ላይ ተስማምቶ ነሐሴ ላይ የተቀበለ ሰው «በየትኛው ቀን ምንዛሬ» የሚል ነገር ካልጻፈ፣ በአንድ ሥራ 18,000 ብር ያከራክራል። ዛሬም ምንዛሬው በየቀኑ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ከተስማማችሁበት መልእክት ላይ «በክፍያው ቀን በባንክ መግዣ ዋጋ» ወይም የተስማማችሁበትን ሌላ ነገር ጨምሩ።

6. ሒሳባችሁ ውስጥ ያለ ብር ሁሉ የእናንተ አይደለም

ይህችን ነጥብ በተለይ ወጣቶቹ ልብ በሉልኝ። ገዢ ቀብድ ይልክና «ለገበሬው ስጥልኝ» ይላል። ለመኪና ኪራይ ይልካል። ለጫኝና አውራጅ ይልካል። የሌላ ደላላ ድርሻም አብሮ ይገባል። ይህ ሁሉ አደራ ነው።

አደራና ኮሚሽን አንድ ሒሳብ ውስጥ ሲደባለቁ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ቀሪ ሒሳባችሁን አይታችሁ ሀብታም የሆናችሁ ይመስላችሁና የሰው ብር ትነካላችሁ። ለነገ እተካዋለሁ ያለ ሰው ነገ ሳይተካ ቀርቶ ከገበያ ሲጠፋ አይተናል። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ስለ ገቢያችሁ ስትጠየቁ በባንክ የተላለፈው ሁሉ የእናንተ ሽያጭ ይመስላል፤ አለመሆኑን የምታስረዱት በወረቀት ነው እንጂ በመሐላ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት የባንክ ሒሳብ ያዙ፤ አንዱ ለአደራ፣ አንዱ ለኮሚሽን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገዢው ለሻጩ ቀጥታ እንዲልክ ማድረግ ነው። ብሩ በእናንተ በኩል ባለፈ ቁጥር ክብር ይመስላል፤ ጭንቀቱ ይበልጣል።

7. ቀን ሲጻፍ

የእኔን ታሪክ አትድገሙት። የባንክ መልእክት በፈረንጅ ቀን ይመጣል፣ ሰዓቱም የእኛ አይደለም። ደብተራችሁ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፣ በስም ጻፉ። «መጋቢት 27» ያለ ሰው አይሳሳትም፣ «05/04» ያለ ይሳሳታል። ለባንኩ ቀን ለብቻው ትንሽ ዓምድ ስጡት፤ ኋላ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ስታመሳክሩ ትፈልጉታላችሁ። ጳጉሜንም አትርሷት፤ የነሐሴን ሥራ ለመስከረም እያሻገሩ ጳጉሜን የሚዘሉ አሉ።

8. መቼ ይጻፍ?

በየማታው አሥር ደቂቃ። የዛሬ ስልኮችን ከላይ ወደ ታች አዩና የተባለ፣ የተፈጸመ፣ የገባ ነገር ካለ ጻፉ። የሚዛን ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ስሙን በተራ ቁጥሩ አስቀምጡ። በእጅ የተቀበላችሁት ከሆነ ማታን አትጠብቁ፤ እዚያው ሰውየው ፊት ጻፉና «ጋሼ፣ ቁጥር 27 ስድስት ሺህ ተቀብያለሁ» ብላችሁ መልእክት ላኩ። እሳቸውም ይደሰታሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት። ተፈጽሞ ያልገባውን ሁሉ አውጡ፣ ስንት ቀን እንደሆነው ጎኑ ላይ ጻፉ።

በወሩ መጨረሻ አንድ ሰዓት። ሦስቱን ድምሮች፣ ወጪውን እና የተጣራውን። የእኛ ሥራ ወቅታዊ ነው፤ ቡናውም እህሉም ከመኸር በኋላ ይጎርፋል፣ ክረምት ላይ ስልክ ይቀዘቅዛል። የጥርን ገቢ የጥር ብቻ አድርጎ የሚበላ ሰው ሐምሌ ላይ የጥርን ዋጋ ይከፍላል። የዓመቱን የተጣራ ለ12 አካፍሉትና እውነተኛ የወር ገቢያችሁ እሱ እንደሆነ ለራሳችሁ ንገሩት።

9. አጠያየቅ

ኮሚሽን መጠየቅ የሚያሳፍረን አለን። «ሰውየው ያውቃል፣ ሲመቸው ይሰጠኛል» እንላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ርክክቡ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን ላኩ፤ ጥያቄ አይደለም፣ መረጃ ነው። «ቁጥር 27፣ 580 ፈረሱላ በ30 ብር፣ 17,400 ብር» ብቻ። በ15ኛው ቀን ደውሉ። በ30ኛው ቀን በአካል ሂዱ። 60 ቀን ያለፈው ላይ ከዚያ ሰው ጋር አዲስ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አሮጌው ይዘጋ። ብዙ ነጋዴ ክፉ ሆኖ አይደለም የማይከፍለው፤ እሱም እንደኛ ረስቶት ነው።

10. ግብር እና ደረሰኝ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ደብተራችሁም አብሮ ይዘጋ፤ ሐምሌ 1 አዲስ ገጽ፣ ቁጥር 1። ያልገባው ቀሪ ወደ አዲሱ ገጽ ይዛወራል፤ አሮጌውን ቁጥሩን እንደያዘ።

ድርጅት ሲከፍላችሁ ቅድመ ግብር ቀንሶ ከሆነ (ዊዝሆልዲንግ የምንለው) የቀነሰበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ደብተሩ ላይ ገቢያችሁ የሚጻፈው ከቅነሳ በፊት ባለው ሙሉ ብር ነው፤ የተቀነሰው ደግሞ ለብቻው ዓምድ፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። ደረሰኙ የጠፋበት ሰው ያንኑ ብር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ፈቃድ ሳይኖራችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ምክሬ አንድ ነው፤ አውጡ። ዛሬ ክፍያው በባንክና በቴሌብር ሆኗል፣ ዱካ አለው። ደረጃችሁንና ግዴታችሁን ከምትመዘገቡበት የገቢ ጽሕፈት ቤት በአካል ጠይቁ።

11. ኮሚሽን ለምትከፍሉ ላኪዎች፣ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች

ይህ ትምህርት የደላላ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ብታደርጉልን እናንተም ትጠቀማላችሁ።

ገንዘብ ስትልኩ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የሥራውን ቁጥር ጻፉ፤ «ኮሚሽን ቁ. 27» ብቻ። ሒሳብ ሠራተኛችሁ ኋላ ያመሰግናችኋል።

ደላላችሁን በወር አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጠይቁት፤ ምን እንዳገናኘ፣ ስንት እንደተረከባችሁ፣ ስንት እንደተከፈለው። ማቅረብ ያቃተው ደላላ የእናንተንም ቀብድ በጭንቅላቱ ነው የያዘው ማለት ነው።

ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ከሆነ በግልጽ ይንገራችሁ። ከሁለቱም መቀበል በገበያችን አለ፤ ሲደበቅ ነው ነገር የሚያመጣው። በተለይ ዩኒየኖች፣ የአባላቱ ገበሬዎች ገንዘብ ስለሆነ የኮሚሽኑ ልክና ከፋዩ በወረቀት ይሁን።

ደብተሩ የነገረኝ

መጀመሪያ መጻፍ ስጀምር የጠበቅኩት ዕዳ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ያልጠየቅኩትንም ነገረኝ። ትልቅ ሥራዬ ቡና ነው ብዬ አምን ነበር፤ ጭነቱ ትልቅ፣ ቁጥሩ ትልቅ፣ ወሬውም ትልቅ። የተፈጸመበትንና የገባበትን ቀን ጎን ለጎን ሳያቸው የቡናው ኮሚሽን በአማካይ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል። ከተባለው ውስጥ ብዙው በደረጃ መውረድና በሐሳብ መቀየር ሳይፈጸም ቀርቷል። የጤፍ ሥራዎቼ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ገብተዋል፣ የወጪያቸው መጠንም ትንሽ ነው። ቤቴን ዓመቱን ሙሉ ያኖረው ጤፉ ነበር። ቡናውን አልተውኩም፤ ግን ጠዋት መጀመሪያ የምደውለው ለጤፍ ሰዎቼ ሆነ። ይህን ማንም ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ጋሼስ? ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን ደወሉ። «ስንዴ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሥራው አለቀ፣ በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን በመልእክት ላክኩ፣ በዚያው ቀን ብሩ ገባ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ልጃቸው ይሆናል የጻፈው፣ «ቁጥር 41» ይላል። እኔም ተቀብያለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ጻፍክ?»

ጽፌያለሁ ጋሼ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር አውጡና በጭንቅላታችሁ ያለውን ያልተከፈለ ሥራ ሁሉ በተርታ ጻፉ፤ ቀኑን፣ መለኪያውን፣ ክብደቱን። የማታስታውሱት ከመጣ ባዶ ተዉትና ነገ ደውላችሁ ጠይቁ። የሰንጠረዡን ቅርጽ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ባዶውን እልክላችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት በዋጋ እንገናኝ።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።